ካንሰር ያልሆነ የምግብ ቧንቧ ዕጢን በኢንዶስኮፒ ማውጣት

ካንሰር ያልሆነ የምግብ ቧንቧ ዕጢን በኢንዶስኮፒ ማውጣት ደረት ሳይከፈት፣ ካሜራ ያለውን ቀጭን ቱቦ በአፍ በማስገባት የሚደረግ ሕክምና ነው። በብዛት የሚወጣው ሊዮማዮማ የተባለው ዕጢ ነው። ሊዮማዮማ ከቧንቧው ጡንቻ ተነስቶ ቀስ ብሎ የሚያድግ ሲሆን ወደ ካንሰር የሚለወጠው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በአርሲና በባሌ በብዛት ከሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ጋር መምታታት የለበትም፤ ያ ካንሰር የሚጀምረው ከውስጠኛው ሽፋን ነው፣ ሊዮማዮማ ግን ከሽፋኑ ሥር ያድጋል።

ትንሽ ዕጢ ምልክት ስለማያሳይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለሌላ ሕመም በተደረገ ምርመራ ነው፤ በየጊዜው እየታየም ሊተው ይችላል። ሲያድግ ምግብ አላወርድ ይላል፣ ደረትም ያማል። ሊወጣ ከታሰበ በተለመደው መቆንጠጫ ናሙና መውሰድ አይመከርም፤ መቆንጠጫው አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ጋ አይደርስም፣ ጠባሳው ደግሞ ሽፋኑን ከዕጢው ጋር አጣብቆ የኋላውን ሥራ ያከብዳል።

ዋናው ስጋት የቧንቧው መበሳት ነው። ግድግዳው ከተበሳ ምራቅና ባክቴሪያ ወደ ደረት ውስጥ ገብተው ለሕይወት የሚያሰጋ ብግነት ያስከትላሉ። መፍትሔው የተገኘው ከሌላ በሽታ ሕክምና ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ሃሩሂሮ ኢኖዌ በ2008 እ.ኤ.አ. የቧንቧው የታችኛው ጡንቻ አልላላ ለሚልበት ለአካላሲያ ሕመም በሽፋኑ ሥር መሿለኪያ ከፍተው ጡንቻውን ቆረጡ። የሻንጋይ ዦንግሻን ሆስፒታል ሐኪሞች ዘዴውን ዕጢ ለማውጣት እንደተጠቀሙበት በ2012 እ.ኤ.አ. አሳተሙ።

ሕመምተኛው ሙሉ ማደንዘዣ ከተሰጠው በኋላ ከዕጢው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከሽፋኑ ሥር ፈሳሽ ይወጋል። ያበጠው ሽፋን ይሰነጠቅና ቱቦው በሽፋኑና በጡንቻው መካከል እየሰረሰረ ይወርዳል። ዕጢው ከጡንቻው ተላቅቆ በዚያው መንገድ ከወጣ በኋላ መግቢያው በብረት ክሊፖች ይዘጋል። የዘዴው ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ የሽፋኑ ቀዳዳ ከላይ፣ የጡንቻው ቀዳዳ ከታች ስለሚሆን በጡንቻው ቁስል ፊት ያልተነካ ሽፋን ይቀራል።

ቧንቧውን ለመንፋት ከተራ አየር ይልቅ ቶሎ የሚመጠጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመረጣል። እንዲያም ሆኖ ጋዝ ከቆዳ ሥር ወይም በሳንባ ዙሪያ ሊጠራቀም ይችላል፤ መድማትም ያጋጥማል። መሿለኪያው ጠባብ በመሆኑ ከ4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚበልጥ ዕጢ ሳይቆራረጥ ማውጣት ያስቸግራል፤ ለእንዲህ ያለው በደረት በኩል በትንንሽ ቀዳዳዎች የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል።

የወጣው ዕጢ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል። ጂስት የተባለው፣ ሊሠራጭ የሚችል ዕጢ በዓይን ሲታይ ሊዮማዮማን ስለሚመስል ሁለቱ በእርግጠኝነት የሚለዩት በላቦራቶሪ ማቅለሚያ ነው።