ሞሪስ ማይነር በአምቦ መንገድ ስትመዘን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ አምቦ የሚገባው ጎዳና በአገራችን የተሽከርካሪ ታሪክ ልዩ ስፍራ አለው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ያሠሩት መንገድ በዘመናዊ መልክ ከተሠሩት የኢትዮጵያ መንገዶች ቀደምቱ ነው። የማገዶ እጥረት ያስነሣው የከተማ ዝውውር ባሕር ዛፍ ሲስፋፋ ቀረ፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። መንገዱ ግን ቆየ።

ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ለንጉሠ ነገሥቱ ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነበር። መኪናዋ የዎልስሊ ፋብሪካ ሥሪት ነበረች። ይህንኑ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1927 ዊልያም ሞሪስ ገዛው። ስለዚህም ዛሬ የምንመረምራት ሞሪስ ማይነር ለምኒልክ መኪና ዘመድ ሆና ትቆጠራለች፤ ዝምድናው የጋብቻ እንጂ የሥጋ ባይሆንም።

ማይነር ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1948 በለንደን ትርኢት ላይ ነው። ነዳፊዋ በኢዝሚር የተወለደው አሌክ ኢሲጎኒስ ሲሆን፣ ኋላ ሚኒ የተባለችውን መኪና የነደፈውም እርሱ ነው። ናሙናዋ ተሠርታ ካለቀች በኋላ ጠባብነቷ ስላልጣመው ለሁለት አስሰንጥቆ አራት ኢንች፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አሰፋት። ባለቤቱ ሞሪስ፣ በማዕረግ ስሙ ሎርድ ናፊልድ፣ ቅርጿን ከተቀቀለ ዕንቁላል ጋር አመሳስሎ እንደ ናቃት ይነገራል። የተናቀችው መኪና ግን ከእንግሊዝ ሥሪቶች መካከል አንድ ሚሊዮን በመሙላት የመጀመሪያዋ ሆነች።

ክብሯን ያገኘችው በጉልበቷ አልነበረም። የፊት እግሯ በሚጠማዘዝ የብረት ዘንግ ላይ የቆመ፣ መሪዋም በጥርሳም ዘንግ በቀጥታ የሚሠራ በመሆኑ፣ ነጂው ያዘዛትን ወዲያው ትታዘዛለች። ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ከእርሷ እጅግ የሚበልጡ መኪኖች ሲወዛወዙ እርሷ መስመሯን አትለቅም። በዘመኑ ከነበሩት ርካሽ የቤተ ሰብ መኪኖች በዚህ ረገድ የሚወዳደራት ጥቂት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኮፈኑ ሲከፈትም ሞተሩ በሰፊ ስፍራ መካከል ተቀምጦ ይገኛል፤ ካርቡራቶሩንም ሆነ ካንዴላውን ለመድረስ ሌላ ዕቃ መፍታት አያስፈልግም።

ይሁንና መኪና የሚመዘነው በተወለደበት አገር መንገድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ሞተር 918 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱ ከ27 ፈረስ ብዙም አይበልጥም ነበር። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል፣ ሆለታ ደግሞ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አየር በሳሳ ቁጥር ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ በእኛ ደጋ የዚያች መኪና ኃይል 21 ወይም 22 ፈረስ ይሆናል ማለት ነው። ከጉደር ወደ ጌዶ የሚወጣውን ዳገት አራት ሰው ከነጓዙ ጭና እንድትወጣ ማስገደድ ጭካኔ ነው። በዚያ ላይ አንደኛ ማርሿ መኪናዋ እየሄደች በቀላሉ የሚገባ አልነበረም፤ ነጂው ዳገቱ መካከል ማርሹን ከሳተ መቆም ግድ ይሆንበታል። ውሃውም ያለ ፓምፕ በሙቀት ኃይል ብቻ የሚዘዋወር ነበር። በደጋ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ ለሚያውቅ አንባቢ የቀረውን መንገር አያሻም። እርግጥ ነው፣ ፋብሪካው ሞተሩን ደረጃ በደረጃ አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1962 1,098 ሲሲ አድርሶታል፤ ይህች የኋለኛዋ ማይነር ስለ ዳገት የምትታማ አይደለችም።

ጭቃ ሌላ ነገር ነው። የጊንጪ ሜዳ ጥቁር አፈር ክረምት ሲገባ ጎማ ይውጣል። የማይነር ሞተር ከፊት፣ የሚገፉት ጎማዎች ከኋላ በመሆናቸው፣ ባዶዋን ስትሄድ ኋላዋ ቀላል ነው፤ ከአስፋልት ወጥታ ወደ ገጠር ቀበሌ ስትገባ ጎማዋ በከንቱ ይሽከረከራል። ቮልስዋገንና ፊያት 600 ሞተራቸውን ከኋላ በመሸከማቸው በዚህ ይበልጧታል። ቮልስዋገን በተጨማሪ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሚፈላ ውሃ የለውም። የእኛ ከተሞች እነዚህን ሁለቱን አብልጠው መያዛቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በእኔ ግምት ግን ከዳገቱም ከጭቃውም የባሰው ድካሟ ጋራዥ ውስጥ ነው። የመካኒኮቻችን ቋንቋ ኢጣልያንኛ ነው፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ እያለ ያደገ ባለሙያ በእጁ ያለው መፍቻም በሚሊ ሜትር የተለካ ነው። የማይነር ብሎንና ዳዶ በኢንች ነው። 13 ቁጥር መፍቻ ግማሽ ኢንቹን ዳዶ የሚይዝ ይመስላል፤ ሲደጋገም ግን ጠርዙን ይበላዋል፤ የተበላ ዳዶ ደግሞ በመዶሻና በመሮ ካልሆነ አይፈታም። የፊት እግሯ የታችኛው መገጣጠሚያ ግራሶ በየጊዜው ካላገኘ ጥርሱ ያልቃል፤ አንድ ቀንም ጎማው በድንገት ይታጠፋል። የዕውቀትና የመለዋወጫ ሰንሰለት ያልተከተላት መኪና የቱንም ያህል በጥበብ ብትነደፍ እንግዳ ሆና ትቀራለች። ለመምህሩ ወይም ለጤና ሠራተኛው ደግሞ የቆመ መኪና ማለት የቀረ ትምህርት፣ ያልታየ በሽተኛ ማለት ነው።

ፋብሪካው ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ማይነሮችን ሠርቶ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ምርቱን አቆመ። ከዚያ በፊት በአገራችን ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የትራፊኩ አቅጣጫ ከግራ ወደ ቀኝ ተለውጦ ነበር። ፋብሪካው መሪዋ በግራ የሆነም ይሠራ ስለነበር ለዚህች ዓይነቷ ለውጡ በጎ ሆነላት። መሪዋ በቀኝ የሆነችው ማይነር ግን ነጂዋን በቦዩ በኩል አስቀመጠችው። በአምቦ መንገድ ላይ ከፊቱ የሚጎተተውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲፈልግ፣ ከጎኑ የተቀመጠውን ተሳፋሪ «የሚመጣ አለ?» ብሎ መጠየቅና የተመለሰለትን ማመን ነበረበት።