ጀበናውን ወደድን፣ ሠሪዋንስ?

ንግሥት ማክዳና ንጉሥ ሰሎሞን በተራ በተደረደሩ ሣጥኖች የተሣሉበትን ሥዕል የማያውቅ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። ፊደል ላልቆጠረ ሰው እንኳ ይነበባል፦ ዘንዶው፣ ነጋዴው ታምሪን፣ የኢየሩሳሌም ጉዞ፣ ቅመም የበዛበት እራት፣ ሌሊት ውኃ ጠምቷት የተነሳችው ንግሥት፣ አድፍጦ የጠበቃት ንጉሥ። ቀልድም አለበት፤ ያ ሁሉ መሐላ የፈረሰው በጉንጭ ውኃ ነው። በመጨረሻዎቹ ሣጥኖች ልጁ አባቱን ፍለጋ ይሄዳል፣ መልኩ ይመሰክርለታል፣ «ልጄ» ይባላል።

ከሁለት አገር ሰዎች ያለ ሠርግ የተወለደው ይህ ልጅ የነገሥታቱ ሁሉ አባት ተባለ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሳይቀር የዘውዱን ሐረግ ከእሱ ይቆጥራል።

ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ትተን ወደ ጉለሌ እንውጣ፤ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ቀጨኔ። እዚህ ሴቶች ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ጭቃውን እያበጁ፣ ሜዳ ላይ በእሳት እየተኮሱ ጀበናና ድስት ይሠራሉ። ወንዶቹ በቀጥቃጭነትና በሽመና ኖረዋል። ብዙዎቹ አመጣጣቸውን ከሰሜን ሸዋ ይቆጥራሉ፤ ሐረጋቸውን ከቤተ እስራኤል ጋር የሚያያይዙም አሉ። አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከጎረቤቶቻቸው ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ግን «ቡዳ» ይባላሉ። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባለ፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ተባለ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ልጅ አለመስጠትና ልጅ አለመቀበል ነው።

ነገሩ ከየት መጣ? አንዱ ሥር መሬት ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው እንዳለ ይነገራል። ርስት ያጣ ሰው ምን ይሥራ? ብረትና ሸክላ ያዘ። ባለርስቱ ማረሻውን ከእሱ እየገዛ ናቀው፤ ንቀቱም ቆየና ተረት ለበሰ። እንደኔ አስተያየት ቡዳ የሚለው ቃል ከጥንቆላ ይልቅ የርስት ታሪክ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መስደብን ከልክለዋል። ምክንያታቸውም ሁላችንም የአዳምና የሔዋን ልጆች ነን የሚል ነበር። ስድብን በአዋጅ መከልከል ይቻል ይሆናል፤ ጋብቻን ግን ማን ያዛል?

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ቁስሉን ነክተውት ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ አለቀሰ፤ በፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ተናደደ። በዛብህ ግን ድኻ የገበሬ ልጅ እንጂ የሸክላ ሠሪ ልጅ አልነበረም። ቢሆን ኖሮ ያን ያህል እናለቅስ ነበር ወይ? እጠራጠራለሁ።

ደርግ ርስትን አፈረሰ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ደግሞ ማንም በዘር፣ በብሔር፣ በብሔረሰብ ወይም በሃይማኖት ሳይለይ ይጋባል አለ። ልብ በሉ፤ የቀጨኔው ልጅ ከሚያፈቅራት ልጅ የሚለየው ከአራቱ በአንዱም ላይሆን ይችላል። የሚለየው በእናቱ እጅ ላይ ባለው ጭቃ ነው። አንቀጽ 25 «ማኅበራዊ አመጣጥ» ብሎ ያነሳዋል፤ ሆኖም አንድ አባት «ልጄን አልሰጥም» ስላለ የሚከሰስበት ፍርድ ቤት የለም።

እናም ሽማግሌ ሲላክ የልጁ ትምህርትና ሥራ ከተጠየቀ በኋላ ድምፅ ዝቅ ይላል፦ «ሰፈሩ የት ነው? እናቱስ ምን ትሠራለች?» ረከቦቱ ላይ የተቀመጠው ጀበና የቀጨኔ ሊሆን ይችላል። ቡናው ይቀዳል፣ አቦል ይጠጣል፣ ሽማግሌዎቹም «አስበንበት መልስ እንሰጣለን» ተብለው ይሸኛሉ።