በቆሎ፣ ቦሎቄና የሻሸመኔ ገበታ

በቆሎ ዛሬ በሻሸመኔ ዙሪያ የዘወትር ምግብ ቢሆንም ለአካባቢው ነባር ገበታ እንግዳ ነበር። የአርሲ ኦሮሞ በከብት እርባታ ይኖር ስለነበር ወተት፣ እርጎና ቅቤ ከቤቱ አይጠፋም ነበር፤ ከጎረቤቱ ከሲዳማ በኩል ደግሞ ቆጮና ቡላ ይመጣ ነበር። በቆሎ ከአሜሪካ አህጉር ተነሥቶ ኢትዮጵያ የደረሰው በ16ኛው ወይም በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይገመታል። በስምጥ ሸለቆው ሜዳ የበላይነት ያገኘው ግን ግጦሹ እየታረሰ ሲሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሻሸመኔና በሐዋሳ ዙሪያ በትራክተር የሚታረሱ የንግድ እርሻዎች ተስፋፉ፤ የከብቱ መሬት ጠበበ፣ ወተቱም አነሰ።

ለውጡ ምን እንዳጎደለ ለመረዳት ምግቡን እስከ አንጀት መከተል ያስፈልጋል። ፕሮቲን ረጅም የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። በጨጓራ ውስጥ አሲዱ ሰንሰለቱን ያፍታታዋል፤ ቴዎዶር ሽዋን እ.ኤ.አ. በ1836 ያገኘው ፔፕሲንም መቆራረጥ ይጀምራል። ከቆሽት የሚመነጩት ትሪፕሲንና መሰሎቹ በትንሹ አንጀት ሥራውን ይቀጥላሉ። ነጠላ አሚኖ አሲዶቹ በደም ወደ ጉበት ይሄዳሉ፤ ከዚያም ለጡንቻ፣ ለኢንዛይምና ለደም ፕሮቲን መሥሪያ ይከፋፈላሉ። ሰውነት የሚጠቀምባቸው 20 ዓይነት ናቸው፤ ዘጠኙን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ብቻ ያገኛቸዋል። ስብ እንደሚጠራቀመው ለነገ የሚቀመጥ የአሚኖ አሲድ ጎተራ የለም። ከዘጠኙ አንዱ ካነሰ ሌሎቹ ቢተርፉም ግንባታው ባነሰው ልክ ይወሰናል። የተረፈው ናይትሮጂኑ ተነጥሎ በጉበት ዩሪያ ይሆናል፣ በኩላሊት በኩልም በሽንት ይወጣል። ናይትሮጂኑ ዩሪያ የሚሆንበትን ዑደት ሃንስ ክሬብስና ኩርት ሄንሰላይት እ.ኤ.አ. በ1932 ገልጸውታል። ቀሪው ካርቦን ለኃይል ይነድዳል፣ ወይም ወደ ስኳርና ስብ ይለወጣል።

የበቆሎ ችግር እዚህ ላይ ነው። ዋና ፕሮቲኑ ዜይን ከዘጠኙ መካከል ላይሲንና ትሪፕቶፋን የለውም ማለት ይቻላል። ቶማስ ኦዝቦርንና ላፋየት ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1914 ባወጡት ሥራ፣ ከፕሮቲን ዜይንን ብቻ የተመገቡ አይጦች ከሱ፤ ትሪፕቶፋን ሲጨመርላቸው ክብደታቸውን ጠበቁ፤ ላይሲንም ሲጨመር አደጉ።

ገበሬው ቤተ ሙከራ ሳይገባ የደረሰበት መፍትሔ ንፍሮ ነው፤ ኦሮምኛው ሹሞ ይለዋል። ቦሎቄ ላይሲን የተትረፈረፈበት፣ ከዘጠኙ ሌላው ሜቲዮኒን ግን ያነሰው እህል ነው፤ በቆሎ ግን በሜቲዮኒን ይሻላል። አብረው ሲቀቀሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሽሮና እንጀራም የሚደጋገፉት በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ የሚመረተው ነጭ ቦሎቄ ለውጭ ገበያ፣ ለቆርቆሮ ፋብሪካዎች፣ ተፈላጊ ሆነ። ገንዘቡ ለቤተሰቡ ጠቃሚ መሆኑ አያጠራጥርም፤ የተሸጠው ቦሎቄ ግን ንፍሮው ውስጥ አይገባም።

መንግሥት የመረጠው ሌላ መንገድ ነበር። ከስዊድን ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ ሠራ፦ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሽምብራ፣ የወተት ዱቄትና ስኳር፣ ከቫይታሚን ጋር። ከንፍሮው ጋር ሐሳቡ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ፋፋ በገንዘብ የሚገዛ መሆኑ ነው። ዘመኑም የዓለም ረሃብ በዋናነት የፕሮቲን እጥረት ነው የሚባልበት ነበር። ዶናልድ ማክላረን እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን አስተሳሰብ አጥብቆ ነቀፈ፤ በአብዛኛው የጎደለው ጠቅላላ ምግቡ ነው አለ። ትችቱ ተገቢ ነበር። ሆኖም ሕፃኑ የበቆሎ ገንፎ ብቻ በሚበላበት ቤት የላይሲን ጥያቄ አብሮ አይጠፋም።

በዚያው ጊዜ ተመራማሪዎች መፍትሔውን በእህሉ ዘር ውስጥ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ኤድዊን ሜርትስና ባልደረቦቹ ኦፔክ-2 የተባለው የበቆሎ ዘረ መል ላይሲንን እንደሚያበዛ አሳወቁ። ፍለጋው ወደ ኢትዮጵያም አመራ። በስዊድን ሃይፕሮሊ የተባለው ላይሲን የበዛበት ገብስ ምንጩ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ከመላው ዓለም ከተመረመሩ ከ9,000 በላይ የማሽላ ናሙናዎች ላይሲን የበዛባቸው ሁለቱ የወሎ ሆነው ተገኙ። ገበሬው ወተት በጉንጬ የመሰሉ ማሽላዎችን ምርታቸው አነስተኛ ቢሆንም ለእሸት ጠብሶ ለመብላት ያቆያቸው ነበር፤ ይህ ጥበቃ ባይኖር ኖሮ ቤተ ሙከራው የሚመረምረው አይኖርም ነበር።

የኦፔክ-2 በቆሎ ለስላሳና ለነቀዝ የተጋለጠ ስለሆነ ሜዳ ላይ አልሰመረም። በሜክሲኮ ሱሪንደር ቫሳልና ኢቫንጌሊና ቪየጋስ የኦፔክ-2 ዘረ መልን እንደያዘ ፍሬው ጠንካራ የሆነ፣ የፕሮቲን ጥራቱ የዳበረ በቆሎ አወጡ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም ምግብ ሽልማትን አገኙ። በኢትዮጵያ ከዚሁ ዓይነት በቆሎ ጋቢሳ የተባለው ድቅል ከባኮ ምርምር ማዕከል ተለቀቀ፤ ለዝናብ አጠሩ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ አዳማ አጠገብ ካለው የመልካሳ ምርምር ማዕከል መልካሳ-6ኪው እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ።

መልካሳ-6ኪው ድቅል ስላልሆነ ገበሬው ከራሱ ምርት ዘር ማስቀረት ይችላል። ጣጣው የኦፔክ-2 ባሕርይ የሚገለጠው ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ብቻ መሆኑ ነው፤ ከጎረቤት ማሳ የተራ በቆሎ ብናኝ ሲያርፍበት ፍሬው ላይሲኑን ያጣል፣ ለዓይን ግን አይለይም። ማሳዎች በተጠጋጉበት በሻሸመኔ ዙሪያ ሰብሉን ከሌላው አርቆ መዝራት፣ አለዚያም በዘር ወቅት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መዝራት፣ ዘሩንም በየጥቂት ዓመቱ ማደስ ግድ ይላል።