ያለ እጅ የማሽከርከር አጋዥ ቴክኖሎጂ

ያለ እጅ የማሽከርከር አጋዥ ቴክኖሎጂ ማለት አሽከርካሪው እጁን ከመሪው ላይ ቢያነሳም መኪናው መስመሩን ሳይለቅና ከፊቱ ካለው ተሽከርካሪ ርቀቱን ጠብቆ እንዲሄድ የሚያደርግ የካሜራ፣ የራዳርና የኮምፒዩተር ቅንጅት ነው። እጅ ያርፋል እንጂ ዓይን አያርፍም፤ መንገዱን የመከታተልና በማንኛውም ቅጽበት መሪውን የመረከብ ኃላፊነት የአሽከርካሪው ነው። ያለ ሹፌር ከሚሄድ መኪና የሚለየውም በዚህ ነው። ኤስ.ኤ.ኢ. የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ከ0 እስከ 5 ባወጣው ምደባ ደረጃ 2 ላይ ይቀመጣል።

የትኩረት ችግር

ሥርዓቱ በደንብ በሠራ ቁጥር ሰው መከታተሉን ይተዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኖርማን ማክዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት፣ የራዳር ተመልካቾችን ሥራ በሚመስል ሙከራ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይን ምልክት የመለየት ችሎታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ምንም ሳይሠሩ መጠበቅ ከመንዳት ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በካሊፎርኒያ ማውንቴን ቪው ከተማ በኦቶፓይሎት ይሄድ የነበረ የቴስላ መኪና መስመሩን ስቶ ከመንገድ መከለያ ጋር ተጋጭቶ አሽከርካሪው ሞተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ የሥርዓቱን የአቅም ውስንነትና የአሽከርካሪውን ትኩረት ማጣት በምክንያትነት አስቀምጧል፤ ትኩረቱን የወሰደው የሞባይል ጨዋታ ሳይሆን እንዳልቀረም ገልጿል። መኪናው ይቆጣጠር የነበረው በመሪው ላይ የሚያርፈውን የእጅ ኃይል ነው። እጁን መሪው ላይ ያሳረፈ ሰው ግን ዓይኑ ስልኩ ላይ ሊሆን ይችላል።

ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ሱፐር ክሩዝ ከዚህ የተለየ መንገድ ተከትሏል። ከመሪው ጀርባ የተተከለች ካሜራ በኢንፍራሬድ ብርሃን፣ በጨለማም ጭምር፣ የአሽከርካሪውን ራስና ዓይን ትከታተላለች። ዓይን ከመንገዱ ከራቀ መሪው ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ቀጥሎ ይቀላል፤ ሰውየው አሁንም ካልመለሰ መኪናው ቀስ ብሎ ይቆማል። በአውሮፓ ኅብረት የድካም ማስጠንቀቂያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ግዴታ ሆኗል።

በኢትዮጵያ

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። መስመር ጠባቂና የድካም ማስጠንቀቂያ የተገጠመላቸው ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ለኃይሉ ዋነኛ ተስፋ የተጣለበት ደግሞ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ የተሠራውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ነው።

መኪናው ቢመጣም እጅ የሚያሳርፈው ክፍል የሚፈልገው መንገድ ጥቂት ነው። ሱፐር ክሩዝና መሰሎቹ የሚሠሩት አስቀድሞ ካርታቸው በዝርዝር በተነሣ፣ ጥርት ያለ የመስመር ቀለም ባላቸው መንገዶች ላይ ነው። በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው፣ በነቀምትና በመንዲ አድርጎ አሶሳ በሚያደርሰው መንገድ ግን እግረኛ፣ ከብትና ጋሪ ከመኪና ጋር ይጋፋሉ፤ እዚያ እጅን ከመሪ ማንሣት አይታሰብም።

ዓይንን የምትከታተለው ካሜራ ግን የመንገድ ካርታም ሆነ የተቀባ መስመር አያስፈልጋትም። የዓይን ሽፋን ለምን ያህል ጊዜ እንደተከደነ ለክታ ትጮሃለች፤ ስለዚህ በማንኛውም የጭነት መኪና ላይ ለብቻዋ ልትገጠም ትችላለች። ሲሚንቶና ብረት ጭነው ወደ ግድቡ ሲመላለሱ ለኖሩት ዓይነት ሾፌሮች ከቴክኖሎጂው ይበልጥ የሚጠቅመው ይህኛው ክፍል ነው። እስካሁን ሾፌርን በወሬ የሚያነቃው ረዳቱ ነው። ብዙዎች የሚቅሙት ጫትም እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ ዓይን መንገዱ ላይ መሆኑን አያረጋግጥም።