ተኮሰ

ስሙን ከሠራዊቱ በወሰደው ጦር ኃይሎች ሰፈር «ወታደሩ ሲተኩስ አመሸ» ቢባል፣ ጠመንጃውን ነው ወይስ የደንብ ልብሱን?

«ተኮሰ» ሁለቱንም ይይዛል። ልብስ ይተኮሳል፤ ጠመንጃ ይተኮሳል፤ በባህል ሕክምና የታመመ አካልም በጋለ ብረት ይተኮሳል። «ትኩስ» እና «ትኩሳት» የዚሁ ቃል ዘመዶች ናቸው። ሁሉንም የሚያገናኛቸው እሳት ነው። በዐረብኛም «ከዋ» የሚለው ግስ ልብስንም ቁስልንም መተኮስ ማለት ነው፤ የእኛም «ካውያ» ከእሱ ጋር ይመሳሰላል።

መብራት በየቤቱ ሳይገባ የልብሱ እሳት እውነተኛ እሳት ነበር። የብረቱ ካውያ ክዳኑ ተከፍቶ ፍም ይጎርሳል። ወዲያ ወዲህ ሲወዛወዝ በጎኑ ቀዳዳዎች አየር ገብቶ ፍሙን ያግለዋል። መድረሱ የሚታወቀው በምራቅ የረጠበ ጣት ነካ ሲያደርገው «ቸስ» ሲል ነው። ልብሱ ላይ ውሃ ይረጫል ወይም እርጥብ ጨርቅ ጣል ይደረጋል። አመድ በነጭ ሸሚዝ ላይ ከበነነ ግን እንደገና ማጠብ ነው።

ካውያ የሌለው ሱሪውን አጥፎ ፍራሽ ሥር ያደርግና ይተኛበታል። ሱሪው መስመር ያወጣል፤ እሳት ስላልነካው ግን በጥብቅ ትርጉሙ «ተተኮሰ» አይባልም።