ስለ ዣክ ኩስቶና ከጥልቅ ባሕር ስለ ወጣው ሥዕል

ከዐይን የራቀ ከልብ ይርቃል እንደ ተባለ፥ የባሕር ጥልቅ ከሰው ዐይን ተሰውሮ በኖረበት ዘመን ሁሉ የሚያዝንለት አልነበረውም። ዱር በተመነጠረ ጊዜ ምድሩ ራቁቱን ይታያል፤ ባሕር ግን ሆዱ ባዶ ቢሆን እንኳ ፊቱ እንደ ቀድሞው ያብረቀርቃል። ዓሣ አጥማጅም ከላይ ሆኖ መረቡን ሲጥል የሚያወጣውን እንጂ የሚያፈርሰውን አያይም። ይህን መጋረጃ የገለጠው የሲኒማ መኪና ነው፤ በዚህም ሥራ ስማቸው ከታወቀው ሰዎች ዋነኛው ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ዣክ ኢቭ ኩስቶ ነው። ነገር ግን የዚህ ሰው ታሪክ፥ ብዙዎች እንደሚያወሩት፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የባሕር ወዳጅነት ታሪክ ብቻ አይደለም።

ኩስቶ በ1910 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቆጣጠር (የሚከተሉትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በቦርዶ አጠገብ ተወለደ። በ1936 በቱሎን አጠገብ የዋናተኛ መነጽር አድርጎ ፊቱን ከውሃ በታች ባደረገ ጊዜ፥ ከላይ ብቻ ያውቀው የነበረው ባሕር ሌላ ዓለም ሆኖ ታየው። በ1942፥ አገሩ በጦርነት ተሸንፋ ሳለች፥ ከባልንጀሮቹ ጋር የመጀመሪያ የባሕር ውስጥ ፊልሙን አነሣ። የሲኒማ ፊልም እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ለተራ ፎቶግራፍ የሚሸጡትን አጫጭር ጥቅሎች እየቀጣጠለ ነበር የሠራው፤ ጠላቂዎቹም ትንፋሻቸውን ይዘው ይወርዱ ነበር። በሚከተለው ዓመት ኤሚል ጋኛን ከሚባል መሐንዲስ ጋር ሆኖ፥ በጀርባ ከሚታዘል የብረት ጠርሙስ የታመቀውን አየር በልክ በልክ የሚሰጥ መሣሪያ ሠሩ። ከዚህ በኋላ ሰው ከመርከብ ጋር በቱቦ ሳይታሰር በጥልቁ ውስጥ እንደ ዓሣ ለመመላለስ ቻለ።

በጦርነቱ ጊዜ ለእንግሊዝ ፈንጂ ትጠርግ የነበረችውን ካሊፕሶ የምትባለውን መርከብ አንድ ባለጸጋ እንግሊዛዊ በ1950 በዓመት በአንድ ፍራንክ ኪራይ ሰጠው። በዚህችው መርከብ በሜዲትራኒያን፥ በቀይ ባሕር፥ በፋርስ ባሕረ ሰላጤና በህንድ ውቅያኖስ ተዘዋውሮ፥ ከወጣቱ ከሉዊ ማል ጋር «ዝምተኛው ዓለም» የተባለውን ፊልም አወጣ። ፊልሙ በ1956 በካን ከተማ የወርቅ ዘንባባውን፥ በማግሥቱም ዓመት በአሜሪካ ኦስካርን ተቀበለ።

ዛሬ ይህን ፊልም የሚያይ ሰው አስቀድሞ በውበቱ ይደነቃል። ዦዦ የተባለ አንድ ትልቅ ዓሣ ከጠላቂው እጅ ምግብ ሲቀበልና እንደ ለማዳ ውሻ ሲከተለው ይታያል። ጥቂት ቈይቶ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። መርከቢቱ በዓሣ ነባሪዎች መንጋ መካከል ስታልፍ መዘውሯ አንዱን ግልገል ይቈርጠዋል፤ ሰዎቹም ስቃዩን ለማሳጠር በጥይት ይገድሉታል። ደሙን አሽትተው የመጡትን ሻርኮች ግን፥ የግልገሉን ሞት የተበቀሉ ይመስል፥ በሜንጦ እየጐተቱ ወደ መርከቡ ያወጡና በመጥረቢያ ይቀጠቅጧቸዋል። በራሳቸው መዘውር ለሞተው ግልገል ሻርኩ ምን ዕዳ ነበረበት? በሌላ ስፍራ ደግሞ በአንድ የኮራል ዐለት ውስጥ የሚኖሩትን ዓሦች ዐይነት ለመቍጠር ብለው ድማሚት ያፈነዳሉ፤ የዓሣውም ሬሳ ይለቀማል።

እነዚህን ክፍሎች በመቀስ ቈርጦ መጣል ቀላል ነበር። አለመቈረጣቸው የሚያስረዳው፥ ሠሪዎቹ በዚያ ጊዜ ነውር አድርገው እንዳልቈጠሯቸው ነው። በ1954 ካሊፕሶ በአቡ ዳቢ አጠገብ ለእንግሊዝ የነዳጅ ኩባንያ የባሕሩን ወለል መርምራ ነበር፤ የመርከብ ወጪ ብዙ ነውና ገንዘቡ ከዚያ መጣ።

የኩስቶ መለወጥ በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። በ1960 የፈረንሳይ የአቶም መሥሪያ ቤት ጥራጊውን በሜዲትራኒያን ሊጥል ባሰበ ጊዜ ከተቃወሙት አንዱ እርሱ ነበረ፤ አሳቡም ቀረ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቴሌቪዥን ያወጣቸው ተከታታይ ፊልሞች ባሕር አይቶ የማያውቀውን ሕዝብ እንኳ ከዓሣ ነባሪና ከባሕር ኤሊ ጋር አስተዋወቁት። ኩስቶ ራሱም ቀድሞ ወደ ሠራባቸው ስፍራዎች በተመለሰ ጊዜ የኮራሉ መሞትና የዓሣው መሳሳት ታየው፤ የፊልሞቹም ድምፅ ከአድናቆት ወደ ማስጠንቀቂያ ዞረ። በ1973 የባሕር ጥበቃ ማኅበሩን በአሜሪካ አቆመ።

ትልቁ ክርክር ስለ አንታርክቲካ ነው። በ1988 መንግሥታት በዚያ የበረዶ ምድር ማዕድን የሚወጣበትን ሥርዐት በውል ጽፈው ነበር። ኩስቶ ግን ሥርዐት ሳይሆን ክልከላ ያስፈልጋል ብሎ ተነሣ፤ በፈረንሳይ ብቻ ከሚሊዮን በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። በ1990 ከስድስቱ ክፍላተ ዓለም ስድስት ልጆች ይዞ ወደዚያ ሄደና ጕዞውን በፊልም አሳየ። አውስትራሊያና ፈረንሳይ ውሉን አናጸድቅም ስላሉ በ1991 በማድሪድ ማዕድን ማውጣትን የሚከለክል ሌላ ውል ተፈረመ፤ በ1998ም ጸና። ይህ ሁሉ የፊልም ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ከፈረሙት ሰዎች አብዛኞቹ አንታርክቲካን ያወቋት በሥዕል ብቻ ነበር።

ካሊፕሶ በ1996 በሲንጋፖር ወደብ በሌላ ጀልባ ተመትታ ሰጠመች፤ ኩስቶም በ1997 ዐረፈ። በ1963 በሱዳን ጠረፍ፥ በቀይ ባሕር ውስጥ፥ ሰው በጥልቅ ይኖር ዘንድ ያሠራው መንደር ነበረ፤ አምስት ሰዎች በዐሥር ሜትር ጥልቅ አንድ ወር ያህል ተቀመጡበት፤ ስለ እርሱ የተሠራውም ፊልም ሌላ ኦስካር አገኘ። ዋናው ቤት ከዚያ ተነሥቷል። የትንሿ ባሕር ሠርጓጅ ማደሪያ የነበረው ክብ ጐጆ ግን ዛሬም እዚያው ቆሟል፤ በብረቱ ላይ ኮራል በቅሎበታል፥ በውስጡም ዓሦች ይመላለሱበታል።