የሶማሊያ ጅረት

የሶማሊያ ጅረት በአፍሪካ ቀንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚፈስ የሕንድ ውቅያኖስ ጅረት ነው። አቅጣጫው እንደ ሞንሱን ነፋሱ ይለዋወጣል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ወደ ደቡብ ምዕራብ ይፈሳል። የዚህን ያህል ብርቱ ሆኖ በየዓመቱ ተገልብጦ የሚፈስ የጠረፍ ጅረት ብዙ አይገኝም።

ነፋሱ

በክረምት የምድር ወገብን ተሻግሮ የሚመጣውን ነፋስ የኬንያና የኢትዮጵያ ደጋዎች እንደ ግንብ ያግዱታል። ነፋሱም በደጋዎቹ ጥግ ተጠባብቆ ከሶማሊያ ጠረፍ ጋር ትይዩ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ፊንድላተር የተባለ የአየር ጠባይ ተመራማሪ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ስለዘገበው በስሙ ይጠራል።

የጥልቅ ውሃ መውጣት

ምድር ስለምትሽከረከር፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በነፋስ የሚገፋው የላይኛው ውሃ በድምሩ ከነፋሱ በስተቀኝ ይሄዳል። ይህን በስሌት ያስረዳው ስዊድናዊው ቫግን ኤክማን ነው (1905)፤ መነሻ የሆነው ፍሪትዮፍ ናንሰን በአርክቲክ ጉዞው የበረዶውን መንሸራተት መታዘቡ ነበር። በሶማሊያ ከነፋሱ በስተቀኝ ያለው ሰፊው ውቅያኖስ ነው። ስለዚህ የላይኛው ውሃ ከጠረፉ ይርቃል፤ ቦታውንም ከሥር የሚወጣ ቀዝቃዛ ውሃ ይይዘዋል። በሶማሊያ ጠረፍ ባለው በራስ ሀፉን አካባቢ የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሊወርድ ይችላል፤ የምድር ወገብ ቅርብ በሆነበት ሥፍራ ይህ በእጅጉ የሚያስገርም ቅዝቃዜ ነው።

ይሁንና ነፋስ ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም። ጥልቀት የሌለው የጠረፉ ወለል ጠባብ ስለሆነ፣ የውቅያኖሱ ጅረት ከየብስ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። በ5 እና በ10 ዲግሪ ሰሜን መካከል የሚፈጠረው፣ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረው ታላቁ አዙሪት ቀዝቃዛውን ውሃ ከጠረፍ ነጥቆ ወደ ውቅያኖሱ ይወስደዋል። ለዚህም ነው ቅዝቃዜው በጠረፉ እኩል የማይዘረጋው፤ በተለይ አዙሪቱ ከጠረፉ በሚርቅበት ሥፍራ እንደ ሽብልቅ ወደ ውቅያኖሱ ይገባል።

የመነሻው ክርክር

ጅረቱን የሚያስነሳው ምንድን ነው? እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ላይትሂል በ1969 መልሱን ከሩቅ ፈለገ፦ በውቅያኖሱ መሐል የሚነፍሰው ነፋስ ወደ ምዕራብ የሚጓዙ የውሃ ውስጥ ሞገዶችን ያስነሳል፤ እነርሱም ጠረፉ ሲደርሱ ጅረቱን ይፈጥራሉ። ተመራማሪው አንትስ ሊትማ ግን በ1970 የተደረጉ ልኬቶችን መርምሮ፣ ጅረቱ ሞንሱኑ በሰፊው ውቅያኖስ ከመጽናቱ በፊት የጠረፉን ነፋስ ተከትሎ ወደ ሰሜን መዞሩን አሳየ። ክርክሩ በዚያ ያከተመ መስሎ ነበር። በ2013 ሊሳ ቢልና ካትሊን ዶናሂው በሳተላይት መረጃ ተመሥርተው ባወጡት ጥናት ግን ታላቁ አዙሪት የክረምቱ ደቡብ ምዕራባዊ ሞንሱን ሳይጀምር፣ በሚያዝያ ገደማ፣ ከውቅያኖሱ በሚመጡ ሞገዶች እንደሚወለድ ተገለጸ። ስለዚህ ላይትሂል በከፊል ትክክል የነበረ ይመስላል፤ ነፋሱ ደግሞ የተወለደውን አዙሪት አጠንክሮ ያቆየዋል።

የበጋው ወቅት

በሰሜን ምሥራቅ ሞንሱን ወቅት ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ወደ ጠረፉ ስለሚገፋ፣ የጥልቅ ውሃው መውጣት ይቆማል።